የትንሽ አገር ሁለት እጆች

ትንሽ አገር ሲባል ቶሎ የሚታየን ቃሏ ከቁም ነገር የማይገባ አገር ነው። እኛ ተማሪዎች ሻይ ቤት ተቀምጠን የዓለምን ፖለቲካ ስንሟገት ዋሽንግተንና ቤጂንግ ከአፋችን አይጠፉም። የአገራችን ንግድ አብዛኛው የሚያልፍባትን ጅቡቲን ግን ማን ያነሳታል? እስቲ ዛሬ እናንሳት።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2015 ሳዑዲ ዓረቢያ የምትመራው ጦር የመንን ከአየር መደብደብ ሲጀምር፣ ሸሽተው ባሕር ከተሻገሩት የመናውያን ብዙዎች ኦቦክ ላይ ወረዱ። ባብ ኤል መንደብ በጠባቡ በኩል ወደ 30 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ጅቡቲ ሕዝቧ አንድ ሚሊዮን ገደማ፣ ውሃዋ ጥቂት፣ እህሏ ከውጭ የሚገባ አገር ናት። ሆኖም በሯን አልዘጋችም፤ ኦቦክ አጠገብ ማርካዚ የተባለው የስደተኞች ሰፈር ተተከለ።

በዲፕሎማሲው በኩል ግን ነገሩ እንዲህ ጥርት ያለ አልነበረም። በጥር 2016 ጅቡቲ ከሳዑዲ ጎን ቆማ ከኢራን ጋር የነበራትን ግንኙነት አቋረጠች፤ መልሳ የቀጠለችው በ2023 ነው። ወገን ለየች ቢባል ሐሰት አይሆንም። በዚያው በ2016 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የመርከብ ጭነት ማጣሪያ ቢሮ ጅቡቲ ላይ ሥራ ጀመረ። የመን ከምትበላው ስንዴ አብዛኛው በባሕር የሚመጣ ነው። ሁቲዎች ወደያዙት ወደ ሆዴይዳ የሚሄደው የንግድ መርከብም ፈቃድ የሚጠይቀው በዚሁ ቢሮ በኩል ሆነ።

እንግዲህ አንዱ እጅ ባለ ገንዘቡን ጨበጠ፤ ሌላው ለተራበው በር ያዘ። ማስመሰል ነው ወይስ ብልሃት? ከመካከላችን «የአሜሪካ፣ የፈረንሳይ፣ የጃፓንና የቻይና ጦር ሰፈር ኪራይ የምትበላ አገር ምን መርህ አላት!» የሚል አይጠፋም። እውነት አለው። እኛ ግን የትንሽ አገርን አቋም ስንመዝን ከፈረመችው ወረቀት ጋር፣ ወደቧ ላይ ማን ወረደ፣ ማንስ እህል አገኘ የሚለውንም እንቆጥራለን።

ይኸው ሚዛን ታዲያ ለኛም ይዞራል። የመናዊው ወደ ኦቦክ ሲሸሽ፣ ከዚያው ዳርቻ የኛ አገር ልጆች በደላላ ጀልባ ወደ የመን ይሳፈሩ ነበር፤ ጦርነቱ እንኳ አላስቆማቸውም። በሚያዝያ 2024 ከየመን የሚመለሱ ኢትዮጵያውያንን የጫኑ ሁለት ጀልባዎች በሳምንታት ልዩነት ጅቡቲ ዳርቻ ላይ ሰጠሙ። ብዙ ወገን አለቀ። ሐዘናችን ስንት ቀን ቆየ?

ጅቡቲን ለመክሰስ አይደለም ይህን ማንሳታችን። ልጆቹ የወጡት ከማን ቤት ነው? ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባል የለ? ትንሿ አገር ጎረቤትነቱን እንደ አቅሟ፣ ከነጉድለቷ ሞክራዋለች። ትልቅ ነን የምንለው እኛስ፣ ለገዛ ልጆቻችን ምን በር ያዝን?