አውሮፕላን ሲነሣ የሚያስቀረው ኃይል

አንባቢ ሆይ፤ አስተማሪ በተማሪዎቹ ፊት ተሳስቶ ሲገኝ ፊቱን ወዴት እንደሚያዞር ያውቁ ይሆን? እኔ ወደ ጥቁር ሰሌዳው አዙሬአለሁ።

የፊዚክስ ትምህርት ሳስተምር፤ «ጄት አውሮፕላን ከመሬት ሲነሣ ሞተሩ ያለውን ኃይል አሟጦ ያወጣል» አልሁ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ እጁን አንሥቶ፤ «ቲቸር፤ አባቴ መካኒክ ነው፤ ብዙ ጊዜ አሟጦ አያወጣም ይላል» አለ። ክፍሉ ሣቀ፤ እኔም አብሬ ሣቅሁ። ልጁ አቀርቅሮ ተቀመጠ።

ማታ መጻሕፍት ሳገላብጥ ልጁ ልክ ሆኖ አገኘሁት። አውሮፕላኑ ከመነሣቱ በፊት ክብደቱ፤ የማኮብኮቢያው ርዝመት፤ ነፋሱ፤ ሙቀቱና የቦታው ከፍታ ተደምረው ሒሳብ ይሠራል። ደግሞም አንደኛው ሞተር እጅግ በማይመች ቅጽበት ቢጠፋ የቀረው ይበቃል ወይ ተብሎ ይታሰባል። ጭነቱ ቀሎ ማኮብኮቢያው ከረዘመ፤ ከሙሉው ኃይል እስከ ሩብ ድረስ ተቀንሶ መነሣት ይቻላል።

ዘዴው ያስቃል። ሞተር በሙቅ ቀን ኃይሉ እንደሚቀንስ የታወቀ ነው፤ ስለዚህ አብራሪው ቀኑ ከእውነቱ ይልቅ የሞቀ ነው ብሎ ለኮምፒዩተሩ ይነግረዋል፤ ኮምፒዩተሩም በዚያው ልክ ቀንሶ ይሰጠዋል። ይህች ትንሽ ውሸት በሞተሩ ሆድ ውስጥ የሚሽከረከሩትን ብረቶች ከብርቱ ግለት ታድናለች፤ ሙሉው ኃይል እንደሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 ደቂቃ በላይ አይፈቀድም። ማኮብኮቢያው ላይ ውሃ ወይም በረዶ ከተኛ ግን ውሸቱ ክልክል ነው። አብራሪውም ካስፈለገው መዘውሩን ገፍቶ የቀረውን ኃይል ያመጣዋል።

ከዚህ የተለየ መጠባበቂያም አለ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980 ሥራ የጀመረው ኤም ዲ-80 ካሉት ሞተሮች አንዱ ዓይነት ለመነሻ 20,000 ፓውንድ ይገፋል። ጓደኛው ሲጠፋበት ግን የሰው እጅ ሳይነካው ራሱ ወደ 20,850 ይወጣል። ጭማሪው አራት ኩንታል እንኳ አይሞላም።

በእኛ አገር የሚተርፈው ኃይል ጥቂት ነው። ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ በመሆኑ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው (ከተማውን ማለቴ አይደለም) አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ሞተሩ የሚምገው አየር ያንሳል፤ ክንፉም ለመነሣት የበለጠ ፍጥነት ይሻል፤ ስለዚህ ረዥም ሜዳ ያስፈልጋል። በ1955 ዓ.ም. የመጡትን የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ ጄቶች፤ ቦይንግ 720ቢዎችን፤ የልደታ ሜዳ ስላልበቃቸው ነበር ቦሌ የተሠራው።

በማግሥቱ ልጁን ወደ ሰሌዳው ጠራሁት። «ትናንት የተሳሳትሁት እኔ ነኝ፤ መሣቄም ጥፋት ነበር» አልሁ፤ በክፍሉ ሁሉ ፊት። ማንም አልሣቀም። ልጁ ጠመኔውን ተቀብሎ ጥቂት ዝም አለና፤ «ቲቸር፤ ይህን ለአባቴ ልንገረው?» አለኝ።

«ትናንት የሆነውን ነግረኸው ነበር?» አልሁት።

«አዎ።»

«እንግዲያስ ይህንንም ንገረው» አልሁት።