ልጄን ከትምህርት ቤቷ ላስወጣት ነበር

ወገን፣ ታክሲ ተራ ላይ አንድ ወዳጄ «የልጅህ ትምህርት ቤት ውጤቱ ደካማ ነው፣ አውጣት እንጂ!» አለኝ። ኪራይ የሚወደድበት ሰፈር ልገባ፣ ሌሊትም ልነዳ ወሰንኩ። ያኔ የድሮው መሐንዲስ ነቃብኝና ሪፖርቱን ከፈትኩ።

አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2002ቱ የትምህርት ሕግ ወዲህ የተማሪዎችን ውጤት በዘር፣ በገቢና በእንግሊዝኛ ችሎታ ከፋፍላ ታወጣለች። የእኛ ልጆች «ጥቁር» ከሚለው ጋር ተደባልቀዋል። «እንግሊዝኛ በመማር ላይ ያሉ» የሚለው ቡድን ዝቅ ብሏል። ግን ቋንቋውን የቻለ ውሎ አድሮ ከቡድኑ ይወጣል፣ አዲስ የመጣው ይገባል። ታዲያ ውጤቱ እንዴት ከፍ ይበል? ልጄም ከወጡት አንዷ ናት።

ትምህርት ቤቱ ምርጥ ነው አልልም። ግን ሌሊት መንዳቱን ትቼ ማታ ማታ የሒሳብ ደብተሯን አብሬያት አያለሁ።

እናንተስ የምታነቡት የልጃችሁን ውጤት ነው ወይስ የሰፈሩን?