ኒስ ወይስ ማርሴይ?

ከታናሽ ወንድሜ ጋር ለአንድ ወር ያህል በቴሌግራም የተጨቃጨቅነው በፖለቲካ አይደለም፤ በሁለት ከተሞች ነው። አምስት ቀን አለን፤ ሁለታችንም ባሕር እንፈልጋለን፤ ደቡብ ፈረንሳይ ይሁን በሚለውም ተስማምተናል። እኔ ኒስ አልኩ፤ እሱ ማርሴይ አለ።

"ለእረፍት ደቡብ ፈረንሳይ" የሚለው ነገር ከአንድ ፍሪላንስ ጋዜጠኛ አፍ ሲወጣ እንዴት እንደሚሰማ አውቃለሁ። ከመሳቃችሁ በፊት ላስረዳ። ፓሪስ ላይ ለአንድ ሳምንት ሥልጠና ተጋብዤ ነበር፤ የአውሮፕላኑን ቲኬት የከፈለው ጋባዡ ነው። ወንድሜ የሚኖረው ሊዮን ነው። የስደተኛ ወረቀት አለው። ወረቀቱ የጉዞ ሰነድ ያሰጠዋል፤ ሰነዱ ግን ወደ አንድ አገር አይወስደውም፤ ወደ ገዛ አገሩ። እሱ መምጣት አይችልም፤ እኔ ደግሞ ቪዛ የማገኘው ጋባዥ ሲኖረኝ ብቻ ነው። እንዲህ እንዲህ እያልን ሳንገናኝ ዘጠኝ ዓመት ሆነን። ከሥልጠናው በኋላ ያሉት አምስት ቀናት የተገኙት በዚህ መንገድ ነው። የቪዛ ማመልከቻው ደግሞ የት እንደምታድር አስቀድሞ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ክርክሩ ቶሎ መቋጨት ነበረበት።

የእኔ መከራከሪያ ይህን ይመስል ነበር። ኒስ ታምራለች፤ በፎቶም ቢሆን ታምራለች። "ፕሮምናድ ደዛንግሌ" የሚባለው የባሕር ዳር መንገድ ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ስሙ "የእንግሊዞች መንገድ" ማለት ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአገራቸውን ብርድ ሸሽተው እዚያ የሚከርሙ ባለጠጎች ናቸው ያሠሩት። ዩኔስኮ በ2021 (እ.ኤ.አ.) ከተማዋን የመዘገባትም ይህንኑ የክረምት ማረፊያነቷን ብሎ ነው። ፈረንሳይ የሆነችው በ1860 ነው፤ ጣሊያንን አንድ ካደረጉት አንዱ የሆነው ጋሪባልዲ የተወለደው እዚያ ነው፤ ከተማው ለፈረንሳይ ሲሰጥ በጣም ተናዶ ነበር። ማቲስ ዕድሜውን የጨረሰባት ከተማ ናት፤ ሙዚየሙም እዚያው አለ። ሶካ የሚባል ምግብ አላቸው፤ ከሽምብራ ዱቄት የሚጋገር ቂጣ ነው። ሽሮ በልቶ ላደገ ሰው ከዚህ የቀረበ የፈረንሳይ ምግብ ከየት ይመጣል?

ጉድለቷንም አልደበቅኩም። ባሕር ዳርቻዋ አሸዋ ሳይሆን ድቡልቡል ጠጠር ነው። ያየናቸው ሆቴሎች ከማርሴይ ይወደዳሉ። ከሊዮንም ሩቅ ናት፤ ማርሴይ በፈጣን ባቡር ሁለት ሰዓት አትሞላም፣ ኒስ ግን ከዚያ በእጥፍ ትበልጣለች።

ስለ ማርሴይ የማውቀው እንደ ማንኛውም ዜና አንባቢ ክፉ ክፉውን ነበር። የአደንዛዥ ዕፅ ነጋዴዎች ተኩስ፤ በኅዳር 2018 (እ.ኤ.አ.) መሀል ከተማ የተደረመሱት አሮጌ ሕንፃዎችና ከሥራቸው የወጡት ስምንት አስከሬኖች። "ለእረፍት ነው ወይስ ለዘገባ?" ብዬ ጻፍኩለት። ዞሮ ዞሮ ለዘገባ ያሰብኩት እኔ ነበርኩ።

እውነቱን ልናገርና ኒስን የፈለግኳት ለባሕሯ ብቻ አይደለም። ከኒስ በባቡር አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ቬንቲሚሊያ የምትባል የጣሊያን ከተማ አለች። ከ2015 ጀምሮ ፈረንሳይ በዚያ ድንበር ላይ ቁጥጥር መልሳ ስላቆመች፣ ከሊቢያ ባሕር ተርፈው የመጡ የእኛና የጎረቤቶቻችን ልጆች ተደርድረው የቀሩባት ቦታ ናት። በባቡር ሐዲዱና በመኪና መንገዱ ዋሻ ውስጥ ሕይወታቸው ያለፈ አለ። በተራራው ላይ ያለውን የእግር መንገድ ሰዉ "የሞት መተላለፊያ" ይለዋል። ስለዚህ ድንበር አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ ሁለት ረጃጅም ጽሑፎች ጽፌአለሁ። አንደኛው ስደተኞችን እየረዳ ስለተከሰሰው የሮያ ሸለቆ ገበሬ ሴድሪክ ኤሩ ነበር፤ በሐምሌ 2018 የአገሩ የሕገ መንግሥት ምክር ቤት "ወንድማማችነት" ሕገ መንግሥታዊ መርሕ ነው፣ ሰውን በቅንነት መርዳት አያስቀጣም አለ። አሪፍ ታሪክ ነው፤ ብዙ ሰው ሼር አደረገው። እኔም ሐሳቤ ግማሽ ቀን ሰርቄ ወንድሜን ይዤ ቦታውን ማየት ነበር። እሱም በዚያ በኩል እንደገባ አውቃለሁ። እንዴት እንደገባ ግን ጠይቄው አላውቅም።

መልሱ በድምፅ መጣ፤ አራት ደቂቃ ነው።

"ወንድም ጋሼ፣ እኔ ኒስን አውቃታለሁ" ብሎ ጀመረ። ሦስት ጊዜ ባቡር ተሳፍሯል። ሦስቱንም ጊዜ ፈረንሳይ ገብቶ የመጀመሪያው ጣቢያ ላይ አውርደውታል። ፉርጎው ሙሉ ሰው እያለ ዩኒፎርም የለበሱት ሰዎች ቀጥ ብለው ወደ እሱ ነው የመጡት። ወደ ጣሊያን በእግሩ መልሰውታል። በአራተኛው በተራራው ሄደ፤ ሁለት ሌሊት። ኒስ ባቡር ጣቢያ ሲደርስ ጠዋት ነበር፤ ጫማው ተቀዶ፣ ፊቱ ተቧጥጦ። በአጠገቡ ሰዎች የባሕር ፎጣ በትከሻቸው ጥለው፣ ልጆች በላስቲክ የሚነፋ ዓሣ ታቅፈው ያልፋሉ። "ከተማው ምንም አላደረገኝም" አለ። "ግን እዚያ ፎጣ ይዤ መሄድ አልችልም። አንተ መሥሪያ ቤትህ እረፍት የወጣህ ይመስል ታውቃለህ?" የመጨረሻው ምን ማለት እንደሆነ እስካሁን በደንብ አልገባኝም፤ ደግሜ ግን አልጠየቅኩትም።

ስለ ወንድማማችነት ሁለት ሺህ ቃል የጻፍኩት እኔው ነኝ። በዚያው ማታ የማርሴዩን ሆቴል ያዝኩ።

ስለ ከተማው ለሚጠይቅ ሰው፤ ማርሴይ ተሸንፌ የሄድኩባት ነበረች፣ አሁን ግን ማንም ቢያማክረኝ እሷን ነው የምለው። ከሴን ሻርል ባቡር ጣቢያ ስትወጣ ትልቅ ደረጃ አለ፤ ከላዩ ከተማው ሁሉ ከፊትህ ይዘረጋል። ከ2,600 ዓመት በፊት ግሪኮች የቆረቆሯት ወደብ ናት። ኖዋይ የሚባለው ገበያ ውስጥ ቅመሙ፣ ጩኸቱ፣ የሚገፋህ ሰው ሁሉ መርካቶን ያስታውስሃል፤ ወንድሜ እዚያ ሲገባ ትከሻው ሲወርድ አየሁት። ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ዚዳን የተወለደባት፣ ክለቧ በ1993 የአውሮፓን ዋንጫ የወሰደባት ከተማ ስለሆነች ኳስ የሚያወራ ሰው ብቻውን አይሆንም። ቡያቤስ የሚሉት የዓሣ ሾርባ ብቻ ይቅርባችሁ፤ ድሮ የዓሣ አጥማጆች ትርፍራፊ የነበረው ዛሬ ዋጋው ያስደነግጣል።

ሦስተኛው ቀን ላይ ጋዜጠኝነቴ አሸነፈኝና ኮንሴፕስዮን ወደሚባለው ሆስፒታል ወሰድኩት። ለምኒልክ ጠመንጃ የሸጠው፣ ሐረር የኖረው ገጣሚ አርቱር ራምቦ በኅዳር 1891 በ37 ዓመቱ የሞተው እዚያ ነው። ከሐረር እስከ ዘይላ በቃሬዛ ወርዶ፣ በኤደን በኩል በመርከብ መጥቶ፣ ማርሴይ ላይ እግሩ ተቆረጠ። መታሰቢያ ጽሑፉ ከኤደን ሲመለስ ይላል፤ ሐረርን አያነሳም። ሊሞት አንድ ቀን ሲቀረው እህቱን ደብዳቤ አስጻፈ፤ ወደ መርከቡ በስንት ሰዓት እንደሚያደርሱት የሚጠይቅ ነው። ወንድሜ ይህን ስነግረው ሳቀ። "ከዚህ ወጥቶ ወደ ሐረር ለመሄድ የለመነ ሰው አለ በለኛ!" ትንሽ ቆይቶ ግን "ቢያንስ የሚከለክለው በሽታ ነበር" አለ።

በማግስቱ ኢፍ ወደምትባለው ደሴት፣ የሞንቴ ክሪስቶ ኮንት ታሪክ ወደሚተረክበት እስር ቤት፣ የጀልባ ትኬት ቆረጥኩ። ሳላማክረው። አሮጌው ወደብ ላይ ሰልፉ ውስጥ ቆመን፣ ጀልባው ሲቀርብ "አንተ ሂድ፤ እኔ እዚህ ቡና እየጠጣሁ እጠብቅሃለሁ" አለኝ። ፊቱን አየሁና ገባኝ። ከሊቢያ ወዲህ ጀልባ ላይ አልወጣም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስለ ሜዲትራንያን የጻፍኩ ሰው ይህን ማሰብ አቅቶኝ ነበር። ትኬቶቹን ኪሴ ከተትኳቸው፤ በእግራችን ወደ ኮረብታው ወጣን።

ኮረብታው ላይ የማርሴይ ሰዎች "መልካሚቱ እናት" የሚሏት የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን አለች፤ ጫፏ ላይ በወርቅ የተለበጠ ሐውልት ቆሟል። ውስጡ ስትገባ ከጣራው በገመድ የተንጠለጠሉ ትናንሽ መርከቦች ታያለህ። ግድግዳው በእብነ በረድ ጽሑፍና በማዕበል የሚናጡ መርከቦች ሥዕሎች ተሞልቷል። ከባሕር የተረፉ ሰዎችና ቤተሰቦቻቸው ያስገቧቸው ናቸው። እኔ ምን እንደሆኑ ላስረዳው ስጀምር አቋረጠኝ።

"ስለት ነው" አለ። "ገብቶኛል።"

ብዙ ቆየን። ስንወጣ ደረጃው ላይ ቁጭ አለና፣ ሞተሩ የቆመ ቀን፣ ሁለተኛው ሌሊት ላይ፣ ለቁልቢ ገብርኤል ዣንጥላ ተስሎ እንደነበር ነገረኝ። አብረውት የነበሩት ሁሉ በየሃይማኖታቸው እየተሳሉ ነበር። እሱ ወጣ። ስለቱን ግን ማድረስ አልቻለም፤ ቁልቢ ያለችው ሰነዱ የማያስሄደው አገር ነው። ከቦርሳው ሁለት የሃምሳ ዩሮ ኖት አወጣ። ታጥፈው የቆዩ ይመስላሉ።

"ለእማዬ እንዳትነግራት፤ ምን ሆነህ ተሳልክ ትለኛለች" አለኝ።

ዣንጥላውን መርካቶ ገዛሁት፤ ቀይ ነው፣ ዘርፉ ወርቃማ። አሁን ይህን ስጽፍ በር ጥግ ቆሟል። እማዬ የማን ነው ብላ ጠይቃኛለች፤ የጓደኛ ነው ብያታለሁ። ለታኅሣሥ 19 ድሬዳዋ የምወርድበትን አውቶቡስ እየፈለግኩ ነው።