በሸዋ በር ማታ ሰማይን ስንለካ

ወደ ሐረር ሄደው በሸዋ በር ሲያልፉ ዐይንዎ የሚያርፈው በጀጎል ግንብና በገበያው ግርግር ላይ ነው። ማታ ገበያው ሲበተን ግን ቀና ብለው ሰማዩን ይመልከቱ።

አንድ ምሽት ከተማሪዎቼ ጋራ ትንሽ ቴሌስኮፕ ይዘን ከበሩ ውጭ ቆመን ነበር። በጨለማ የሚመጣ ደመና በዐይን አይለይም፤ ዝናቡም በድንገት ቢወርድ መስተዋቱ ይበላሻል። ስለዚህ ሳይነካ ሙቀት የሚለካ የኪስ ቴርሞሜትር ወደ ላይ አቀናን። ይህ መሣሪያ በኮሮና ጊዜ፣ በ2012 ዓ.ም.፣ በየደጃፉ ግንባራችንን ይለካ ለነበረው ዘመዱ ነው፤ ነገር ግን ከዜሮ በታች ያለውንም ያነባል። ጥርት ያለ ሰማይ ወደ መሬት የሚልከው የሙቀት ጨረር ጥቂት ስለ ሆነ ቁጥሩ ዝቅ ይላል፤ ደመና ሲመጣ ግን ከፍ ይላል።

ቁጥሩ መውጣት ጀመረ። አንዱ ተማሪ፣ «መምህር፣ ኮከቡ እኮ ይታያል፤ ለምን እንሸፍናለን?» አለኝ። ሸፈንነው፤ ጥቂት ቆይቶ አካፋ።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባ አጠገብ፣ በእንጦጦ ተራራ 3,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የቆሙት ሁለቱ ቴሌስኮፖች መስተዋታቸው አንድ አንድ ሜትር ስፋት አለው፤ ክረምት ሲገባ ግን ለእነርሱም ደመናው መጋረጃ ነው።

እርስዎም መሣሪያውን ቢያገኙ አስቀድመው በጥርት ሌሊትና በደመናማ ሌሊት የሚያሳየውን ቁጥር በደብተር ይመዝግቡ፤ የአየሩ እርጥበትና ሙቀት ከአገር አገር ይለያያልና። የሐረርን ቁጥር ተማሪዎቼ መዝግበው ይዘዋል።