ኮርቻና ጉልበት በባሕር ዳር ጎዳና

ባሕር ዳርን የሚያውቅ ብስክሌቷንም ያውቃል። ከተማዋ ከጣና ዳር ለጥ ባለ ሜዳ ላይ በመቆርቆሯ ተማሪውም ነጋዴውም በሁለት ጎማ ይሄዳል። ከዐስር ሶላት በኋላ ዘንባባ በተተከለበት ጎዳና ጥላ ሥር ሆነን አላፊውን ስናይ ግን አንድ ነገር ዓይናችንን ያዘው። ብዙዎቹ የሚነዱት ጉልበታቸው መሪውን ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ታጥፎ ነው። ኮርቻው እጅግ ዝቅ ብሏል።

ምክንያቱ አይጠፋንም። ሰው ሲቆም እግሩ መሬት እንዲደርስለት ይፈልጋል፤ ገበያ ለገበያ ለሚሄድ ደግሞ ይህ ነውር የለውም። ቀጭን ጎማና ወደ ታች የተቆለመመ መሪ ያለውን የእሽቅድድም ብስክሌት ያገኙ ወጣቶች ግን ዓባይን ተሻግረው የቤዛዊትን ዳገት ይወጣሉ። የኮርቻው ዝቅታ የሚታወቀው እዚያ ነው። ከልክ በላይ የታጠፈ ጉልበት ፔዳል ሲገፋ የጉልበት ሎሚው ይጨነቃል፤ ሕመሙም ከፊት በኩል ይጀምራል። ወላጅ «ልጁ አቅም የለውም» ይላል፤ ብስክሌቱም ግድግዳ ተደግፎ ይቀራል። አቅሙስ ነበረው!

ወንድሞችና እህቶች፣ መለኪያው ቀላል ነው። ብስክሌቱን ሰው ይያዝላችሁና ኮርቻው ላይ ተቀመጡ፤ ተረከዛችሁን ፔዳሉ ላይ አሳርፋችሁ እስከ መጨረሻው ወደ ታች አውርዱት። እግራችሁ ያኔ ቀጥ ካለ ከፍታው ተስማምቷል። ስትነዱ የምትረግጡት በእግራችሁ የፊት ክፍል ነውና ጉልበታችሁ በጥቂቱ እንደታጠፈ ይቆያል፤ የሚፈለገውም ይኸው ነው። ቁጥር ለሚወድ፣ ቱር ደ ፍራንስን 3 ጊዜ ባሸነፈው አሜሪካዊ በግሬግ ሌሞንድ ስም የሚታወቅ ስሌት አለ። በባዶ እግር ቆሞ ከወለል እስከ ብሽሽት የተለካው ርዝመት በ0.883 ይባዛል። 80 ሳንቲ ሜትር የሆነለት 70.6 ያገኛል፤ ይህም ፔዳሎቹ ከሚዞሩበት መሐል ዘንግ እስከ ኮርቻው አናት ያለው ርቀት ነው። መነሻ ነው እንጂ ድንጋጌ አይደለም። ኮርቻው ሲበዛ ከፍ ካለም ዳሌ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፤ ሕመሙም ወደ ጉልበት ጀርባ ይዞራል።

ኮርቻው ወደ ፊት ካዘቀዘቀ ሰውነት ይንሸራተትና ክብደቱ መዳፍ ላይ ያርፋል፤ እጅ ይደነዝዛል። ስለዚህ ለጥ ይበል። ክርንም ትንሽ ይታጠፍ፤ ትከሻም ይላላ።

የእሽቅድድም ብስክሌት የሰንሰለት መሸፈኛ የለውም፤ ረጅም ቀሚስ ይጎትታል። እኅቶቻችን መሸፈኛ ያለውን ቢመርጡ እንወዳለን።

አንድን ብስክሌት ወንድማማቾች ሲጋሩት ደግሞ ታላቁ ሲወርድ ታናሹ ኮርቻውን ሳይነካ ይወጣበታል። ኮርቻውን በተሸከመው ቱቦ ላይ ለየራሳቸው ልክ ፕላስተር ቢለጥፉ ብሎኑን ፈትቶ ማስተካከል የአፍታ ሥራ ነው። ቱቦው ላይ ፋብሪካው ያሰመረው የመጨረሻ ምልክት አለ፤ ከዚያ በላይ የሚወጣ ቱቦ ግን ሊሰበር ይችላል።