ለቅሶ ያልገባበት ፕሮግራም

በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ማለቂያ ላይ የእህቴ ልጅ አንድ ወረቀት ይዛ ቤቴ መጣች። ዝናቡ ይወርዳል። እሷ ራሷ በስብሳ ወረቀቷን ግን በፕላስቲክ ጠቅልላ፣ እንደ ቤት ካርታ ደረቷ ላይ ለጥፋው ነው የገባችው። ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችውና «ጋሼ፣ እስቲ ይዩልኝ» አለችኝ።

የጥናት ፕሮግራም ነው። ልጅቷ ኢኮኖሚክስ ከተመረቀች ስድስት ዓመቷ ነው፤ ባንክ ትሠራለች። አሜሪካ ለሁለተኛ ዲግሪ ልታመለክት አስባ፣ ጂአርኢ የሚባለውን የመግቢያ ፈተና ልትፈተን ተነስታለች። ወረቀቱ ሲያዩት ያምራል። ሒሳቡ በሰማያዊ፣ እንግሊዝኛው በቀይ፣ ድርሰቱ በአረንጓዴ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት መነሳት። እስከ 12 ሰዓት ሒሳብ። ማታ ከ2 እስከ 5 ሰዓት እንግሊዝኛ። በቀን 5 ሰዓት፣ በሳምንት 35፣ በየቀኑ 50 አዲስ ቃል።

እኔ ግን ወረቀቱን ሳየው ሆዴን ባር ባር አለኝ። የማውቀው ወረቀት ነው። እንዲያውም የራሴ ነው ብል ይቀለኛል።

እናላችሁ፣ በ1989 ዓ.ም. ወጣት የሥነ ጽሑፍ መምህር ሳለሁ ይህንኑ ፈተና ልፈተን ተነስቼ ነበር። ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ገዛሁ። አንድ ሙሉ ቅዳሜ ሠውቼ፣ በማስመሪያ አስምሬ፣ በሦስት ቀለም እስክሪብቶ ፕሮግራም አወጣሁና ግድግዳዬ ላይ ለጠፍኩት። ጓደኞቼ እየመጡ አደነቁልኝ። ሦስት ቀን እንደ መነኩሴ በሌሊት ተነሳሁ። በአራተኛው ቀን ንጋት ላይ የእድር ጥሩንባ ተነፋ። ግድግዳ የሚያዋስኑን ጎረቤታችን አርፈው ኖሯል። ድንኳን መትከል አለ፤ ቀብር አለ፤ ማስተዛዘን አለ፤ ሰልስት አለ። ወደ ወረቀቴ ስመለስ የ20 ሰዓት ዕዳ ጠበቀኝ። ዕዳውን ልክፈል ብዬ የሚቀጥለውን ሳምንት በቀን 8 ሰዓት አደረግሁት። እሱም በሁለተኛው ቀን መብራት ጠፋና ተሰበረ። ወረቀቱ ለፋሲካ ቤቱ ቀለም ሲቀባ እናቴ እስክታነሳው ድረስ ግድግዳው ላይ ቆየ። ፈተናውን አልተፈተንኩም። ለብዙ ዓመት ግን «ያኔ ያ ለቅሶ ባይደርስብኝ ኖሮ…» እያልኩ አውርቻለሁ። የሰማኝ ሁሉ ከንፈሩን ይመጥልኝ ነበር።

«ታዲያ እንዴት ነው?» አለችኝ ዝም ስልባት።

«ለቅሶ የታለ?» አልኳት።

«የማን ለቅሶ?»

«የማንም። እንቁጣጣሽስ የታለ?»

ፕሮግራሟ በፈረንጅ ካላንደር የተሠራ ነው። ሴፕቴምበር 11 የሚለው ላይ «ጂኦሜትሪ» ተጽፏል። መስከረም 1 ቀን! እናቷ ዶሮ ስትሠራ እሷ ሦስት ማዕዘን ልትለካ ነው።

ሻይ አፈላሁና አብረን ተቀመጥን። መጀመሪያ የጠየቅኳት ስለ ሰዓት አልነበረም። ያሰበቻቸው ዩኒቨርሲቲዎች ፈተናውን ይፈልጉታል ወይ? ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ ብዙዎቹ ትተውታልና። ከአራቱ ሁለቱ ግድ ይላሉ፤ አንዱ ብትልኪም ባትልኪም ይላል፤ አራተኛው ጭራሽ አያየውም። ሁለቱ ግን የልቧ ናቸው። ስለዚህ መፈተን አለባት።

ቀጥሎ መጽሐፏን አየሁ። አሮጌ ነው። ፈተናው ከመስከረም 2016 ዓ.ም. ጀምሮ አጥሯል። ቀድሞ አራት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው አሁን በ1 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ያልቃል። ሁለት የነበረው ድርሰት አንድ ሆኗል፤ የሌላ ሰውን ክርክር መርምሪ የሚለው ቀርቷል። እሷ ለዚህ ለቀረው ድርሰት ሦስት ሳምንት መድባለት ነበር።

ከዚያ ወደ ቀኑ መጣን። ማመልከቻው የሚዘጋው ታኅሣሥ 6 ነው፤ እሷ ፈተናውን ያሰበችው ለኅዳር 16። ውጤቱ ቢበላሽስ? ድጋሚ ለመፈተን ቢያንስ 21 ቀን መቆየት ግዴታ ነው፤ ውጤቱ እስኪወጣ ደግሞ እስከ 10 ቀን ይፈጃል። በጣታችን ቆጥረን ወደ ኋላ ተመለስንና ጥቅምት 20 ላይ አረፍን። ከነሐሴ 1 ጀምሮ 12 ሳምንት።

አሁን ሰዓቱ። «ስለሚቀጥለው ሳምንት አትንገሪኝ፤ ስላለፈው ሳምንት ንገሪኝ» አልኳት። ከሥራ ወጥታ፣ ታክሲ ተሰልፋ ቤት ስትገባ ማታ 1 ሰዓት ነው። ቅዳሜ እስከ ቀትር ሥራ። እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን። ደምረን ደምረን በሳምንት 11 ሰዓት ሆነ። በወረቀቷ ላይ 420 ሰዓት ነበራት፤ በኑሮዋ ውስጥ ግን 132። የእንቁጣጣሽንና የመስቀልን ስንቀንስ 115 ግድም። ፊቷ ጠቆረ። እውነቱን ለመናገር የእኔም።

ግን 115 ሰዓት ቀላል አይደለም፤ የት እንደሚውል ካወቁ። አዘጋጆቹ በነፃ ከሚሰጧቸው ሁለት ሞዴል ፈተናዎች አንዱን፣ ምንም ሳታጠና፣ ሰዓት ይዛ እንድትሠራ ነገርኳት። በማግስቱ ደወለች። ውጤቱ ከ130 እስከ 170 ነው የሚሰጠው፤ እንግሊዝኛ 153፣ «የምተማመንበት» ያለችው ሒሳብ 151። ባንክ መሥራት ሒሳብ አያስረሳም ያለው ማን ነው? ስለዚህ ከሰዓቷ ሁለት እጁ ለሒሳብ ሆነ። 27 ጥያቄ በ47 ደቂቃ ነውና ልምምዱም በሰዓት። የሳተችውን ሁሉ በአንድ ደብተር ላይ፣ ለምን እንደሳተችው ጭምር መጻፍ። ሁለተኛውን ሞዴል ለጥቅምት መጀመሪያ አስቀመጥነው። 50ውን ቃል ወደ 10 አወረድነው፤ የቀረውን ከምታነበው ጽሑፍ ታግኘው። ሠላሳ ዓመት ገደማ መጽሐፍ ሳስነብብ ኖሬ፣ ቃል ከዘመዶቹ ተነጥሎ ሲታወስ አይቼ አላውቅም።

ሐሙስ ማታን ባዶ ተውነው። እሷ ሳጥኑ ውስጥ «ለቅሶ» ብላ ጻፈችና ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፈችው። እህቴ አይታው «አንቺ ልጅ፣ ማን ሊሞት ነው?» ብላ ቤቱን ቀወጠችው። አስረድቼ እስካበርዳት ስልኬ ካርድ ጨረሰ።

መስከረም ማለቂያ ላይ በልጅነቷ አዝለው ያሳደጓት ጎረቤታቸው አረፉ። ሦስት ቀን ለቅሶ ቤት ዋለች፤ ወግ ነው፣ ፍቅርም ነው። በአራተኛው ቀን ደወልኩላት። የጠበቅኩት የእኔን የ1989 ድምፅ ነበር። እሷ ግን «ሐሙስ ሁለቱን ሰዓት ተካሁ፤ ሌላውን ተውኩት» አለችኝ። በቃ። ያንን ቀላል ነገር ስሰማ ነው የራሴ ጉዳይ የገባኝ። እኔን ከፈተናው ያስቀረኝ ጎረቤታችን አልነበሩም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? ያን ያህል ያጠበቅኩት እንዲበጠስ ነበር። ማንም ሊፈጽመው የማይችል ፕሮግራም ያወጣ ሰው ምክንያቱን አስቀድሞ አዘጋጅቷል፤ ጥሩንባው እስኪነፋ ብቻ ይጠብቃል። መውደቅ ፈርቼ ነበር። ፈርቼ ነበር ከማለት ደግሞ ለቅሶ ነበረብኝ ማለት ይከብራል።

ጥቅምት 20 ተፈተነች። ሒሳቡ 161 መጣ። ድጋሚ የምትፈተንበት ቀን ነበራት፤ ሌላ 220 ዶላር ግን አልነበራትም፤ በዚያው አመለከተች። አንዱ ዩኒቨርሲቲ አልተቀበላትም። ሌላው ተቀብሏት ገንዘቡን ግማሽ ብቻ አለ፤ የቀረውን ስታፈላልግ ከረመች።

ከፈተናው በኋላ ስለ ሐሙሶቹ ጠየቅኳት። 12 ነበሩ። አንዱ በለቅሶ ሄደ፤ ሁለቱ መብራት ላጠፋቸው ማታዎች ማካካሻ፤ አንዱ በጉንፋን።

«የቀሩት ስምንቱስ?»

«ተኛሁባቸው» አለችኝ፣ ምንም ሳታፍር።

የእኔ ወረቀት ላይ እንቅልፍም አልነበረም።