ስምንት ኢንች

ዋርሃመር ፋንታሲ ባትልን በሚጫወቱ ሰዎች መሃል «ስምንተኛው እትም» የሚለው ስም ከተነሳ ክርክር አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ የጨዋታው የሕግ መጽሐፍ ነው፤ ይኸው ዛሬም ግማሹ «ጨዋታውን አዳነው» ሲል ግማሹ «ገደለው» ይላል። ለእኔ ግን ነገሩ ሁሉ የሚጠቀለለው አንድ ጥያቄ ላይ ነው፦ ርቀትን በዓይን መገመት ሊሸለም የሚገባው ችሎታ ነው ወይስ አይደለም?

ለማታውቁት በአጭሩ፦ የእንግሊዙ ጌምስ ወርክሾፕ በ1983 ያወጣው የጠረጴዛ ላይ ጦርነት ነው። ሦስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ቁመት ያላቸውን ወታደሮች ትገጣጥማለህ፣ አንድ በአንድ ቀለም ትቀባለህ፣ በረድፍ አሰልፈህ በሜትር እየለካህ ታንቀሳቅሳለህ። ማን እንደሞተ ዳይስ ይወስናል።

ከ2006 ጀምሮ በነበረው ሰባተኛ እትም የሰው ዘር እግረኛ በአንድ ተራ 4 ኢንች ይራመዳል፤ ተንደርድሮ ጠላት ላይ ሲወርድ ደግሞ እጥፉን፣ 8 ኢንች ይሄዳል። ድዋርፍ 6፣ ኤልፍ 10። ቁጥሩ ቁርጥ ያለ ነው፤ አስቀድሞ መለካት ግን ክልክል ነበር። መጀመሪያ «እገባለሁ» ትላለህ፣ ሜትሩ የሚዘረጋው ከዚያ በኋላ ነው። ግማሽ ኢንች ከጎደለህ ጭፍራህ ሜዳ መሃል ተጋልጦ ይቀራል። ተንደርድሮ የገባው ቀድሞ ይመታል፤ የፊት ረድፉ የረገፈበት ደግሞ በወደቁት ልክ የመልስ ምት ያጣል። ስለዚህ የሁለት ሰዓት ጨዋታ በአንዲት ግምት ሊያልቅ ይችል ነበር። መድፍ እንኳ የሚተኮሰው ርቀቱ በግምት ተጠርቶ ነው።

በዚያ ዘመን ተጫዋቹ ጎንበስ ብሎ ዓይኑን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ያስተካክላል፤ በሁለቱ ጭፍሮች መሃል ያለውን ባዶ ሜዳ ደጋግሞ ያየዋል። አንዳንዱ እንደ ዋዛ ክንዱን ጠረጴዛው ላይ ያሳርፋል፦ ከክርኑ እስከ ጣቱ ጫፍ ስንት ኢንች እንደሆነ ያውቀዋላ! መለካት ለሁሉም እኩል ክልክል ነበር ይባል እንጂ በተግባር ክልክል የሆነው ለጀማሪና ዓይኑ ለደከመ ሰው ነበር። ይህን ችሎታ ብሎ መሸለም ፍትሐዊ አይመስለኝም።

ስምንተኛው እትም በማንኛውም ሰዓት መለካትን ፈቀደ። እዚህ ጋ ብዙ ተቺዎች የዘለሉት ነገር አለ። ሁለቱም ወገን 8 ኢንችን በትክክል ለክቶ ካወቀ፣ ማንም ከዚያ ወሰን በታች እግሩን አያስገባም፤ ሁለቱ ጦሮች ተፋጠው ይቆማሉ። ስለዚህ የመንደርደሪያው ርቀት ራሱ እርግጠኛ መሆኑ መቅረት ነበረበት፦ የእርምጃው ቁጥር ሲደመር ሁለት ዳይስ። ለሰው እግረኛ ይህ ከ6 እስከ 16 ኢንች ማለት ነው። 8 ኢንች ላይ የቆመ ጠላት ዘንድ ለመድረስ ከ12 ጊዜ 11ዱ ይሳካል፤ 12 ኢንች ላይ ከቆመ ግን ከግማሽ በታች ነው። ፈተናው ከዓይን ወደ ድፍረትና ስሌት ዞረ። አዛዥን የሚያስጨንቀውም ቢሆን ይኸው ነው።

ወታደሩም ተራውን አገኘ። ቀድሞ የሚመታው ቀልጣፋው ሆነ፤ ፊት ያለው ሲወድቅ የኋላው ተተክቶ ይዋጋል። ለዓመታት ለቁጥር ማሟያ ይሰለፍ የነበረ ጦረኛ እግረኛ እንደገና ዋጋ አገኘ። ሀያ ወታደር ቀብቶ የጨረሰ ሰው ይህ ምን እንደሆነ ያውቃል። በአንጻሩ አሥር ሰው በጎን ያሰለፈ ጭፍራ በአንድ ተጨማሪ ረድፍ እንዲዋጋ መፈቀዱ ግዙፍ ጭፍሮችን አበዛ፤ ያ ለአዲስ ገቢ ኪስ ከባድ ነበር።

ያልወደድኩት ስፋቱን ነው። አጭር እግሩ የታወቀ ድዋርፍ ዳይሱ ከቀናው 15 ኢንች ይሮጣል። ዕድል ውሳኔህን ሲፈትን ደስ ይላል፤ ውሳኔህን ጨርሶ ሲውጠው ግን ያሳዝናል። «ገደለው» የሚሉት እዚህ ላይ እውነት አላቸው።

በ2015 ጨዋታው ቆመ። የተካው ኤጅ ኦቭ ሲግማር በአራት ገጽ ሕግ፣ ጦሮችን የሚያመጣጥን ነጥብ ሳይኖረው፣ ያለ ረድፍ መጣ፤ የነጥብ ስሌቱ በዓመቱ ቢመለስም ረድፉ አልተመለሰም። በጥር 2024 ረድፉን ይዞ የተመለሰው ዘ ኦልድ ዎርልድ ሲወጣ መጀመሪያ የፈለግኩት የመንደርደሪያውን ገጽ ነው። መለካት እንደተፈቀደ ነው። ሁለት ዳይስ ይጣላል፣ የሚያዘው ግን ትልቁ ብቻ ነው። ለሰው ከ5 እስከ 10 ኢንች፤ የድሮዋ 8 ኢንች ከአራት ጊዜ ሦስቱ ትሳካለች፣ 10 ኢንች የሚሞክር ግን ስድስት ማውጣት አለበት። ተንደርድሮ የገባም በሮጠው ኢንች ልክ እስከ 3 የሚደርስ የቅልጥፍና ጭማሪ ያገኛል፤ ስለዚህ ቀድሞ መድረስ ዋጋ አለው፣ ቀልጣፋ ጠላት ግን አሁንም ሊቀድምህ ይችላል። ድዋርፉም ከ9 ኢንች በላይ አይንደረደርም፤ ለዚህ ብቻ እንኳ አርቃቂዎቹን ከልቤ አመሰግናለሁ።